አገርን ማክሰኞ ቀን የሚያዩት ጋሼ ሙሄ

የጋሼ ሙሄ ባለቤት እትዬ ዘሀራ በስልክ «ዳዊቴ፣ ሙሄ ሄደልህ» አሉኝ። «ቀብሩ ነገ በእኛ ሰባት ሰዓት ነው፤ በእናንተ ሰባት ተኩል ማለት ነው። እንዳትሳሳት። እሱ ራሱ ነው ንገሪው ብሎ አደራ ያለኝ» ሲሉ ጨመሩ።

አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ሳቄ አመለጠኝ። ከሜልበርን ተነስቶ ወደ ሳውዝ አውስትራሊያ የሚሻገር ሰው ሰዓቱን ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል። ስልኬ ይህንን ራሱ እንደሚያስተካክል ለጋሼ ሙሄ መቶ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ መቶ ጊዜም «ስልክ ይረሳል» ብለውኛል። አልጋ ላይ ወድቀው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ስለ ሌላ ሰው ሰዓት የሚጨነቁ እሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው።

በማግስቱ አራት ሰዓት ሙሉ ነድቼ ሄጄ ቀበርኳቸው። ስለዚያ ቀን ግን ብዙ አልጽፍም። መጻፍ የምፈልገው ወደዚያ አገር እንዴት እንደገቡ ነው፤ ሹፌሩ እኔ ነበርኩና አሳምሬ አውቀዋለሁ።

የተዋወቅነው ሜልበርን አጠገብ፣ ዌሪቢ፣ አበባ ጎመን የሚታሸግበት ሼድ ውስጥ ነው። ከፊቴ ቆመው፣ ሌላው ሠራተኛ በአንድ እጁ አንስቶ ወደ ካርቶን የሚወረውረውን ጎመን እሳቸው በሁለት እጃቸው፣ እንደ ሕፃን ጭንቅላት ደግፈው ያስቀምጡ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ «ፍጠን!» ሲላቸው ፈገግ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ፍጥነታቸው ግን አይለወጥም። የሚገርመው፣ ሺፍቱ ሲያልቅ ካርቶናቸው ከማንም አያንስም ነበር። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ እሳቸው ከደሴ በታች ካለ ገጠር የመጡ የወሎ ሰው፤ እኔ ጴንጤ፣ እሳቸው ሙስሊም። በመጀመሪያው ሳምንት ስሜን ጠየቁኝ፣ በሁለተኛው «አንተ ጴንጤ» ብለው ይጠሩኝ ጀመር፤ በሦስተኛው ሜልተን ካለው ቤታቸው ወስደው እትዬ ዘሀራ የሠሩትን ገንፎ አበሉኝ። ከዚያ በኋላ በሳቸው ጉዳይ «አይመቸኝም» ብዬ አላውቅም።

ጣጣው የመጣው የሜልተኑ ቤት ባለቤት ቤቱን ልሸጠው ነው ብሎ ኖቲስ የሰጣቸው ጊዜ ነው። ከተማው ውስጥ ሬንት ጣራ ነክቷል። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው አግብተው አንዷ ብሪዝበን፣ አንዷ ፐርዝ ናቸው። ጋሼ ሙሄ ለሁለት ቀን አሰቡና በሦስተኛው ቀን የምሳ ሰዓት ላይ፣ «ገጠር ልገባ ነው» አሉኝ። በደጃቸው የሚያልፈው አውራ ጎዳና ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ ይሄድና ድንበሩን ተሻግሮ ሳውዝ አውስትራሊያ ይገባል። ከድንበሩ ወዲህ፣ በቪክቶሪያ በኩል፣ አንዲት የገበሬ ከተማ አለች፤ ከድንበሩ ወዲያም አንዲት አለች። የሁለቱም ቤት ርካሽ ነው፣ በሁለቱም ሥራ አለ። የከተሞቹ ስም ምላሳቸው ላይ አልቆም ስላለ አንዷን «ወዲህኛዋ»፣ ሌላዋን «ወዲያኛዋ» አሏቸው። እኔም ለምጄው እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የምጠራቸው።

እትዬ ዘሀራ ግን እንቢ አሉ። እንቢታቸው የቤት ወይም የሱቅ ነገር አልነበረም። ሜልተን ውስጥ የወሎ ሰዎች ተሰባስበው ያቋቋሙት ቅሬ አለ። ቅሬ የአዲስ አበባ ሰው እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላ፣ አብሮት የሚያድር። የቅሬው ትልቁ ድስት ለዓመታት የሚቀመጠው እትዬ ዘሀራ ጋራዥ ውስጥ ነበር። አንድ ምሽት እኔ ባለሁበት ለባላቸው እንዲህ አሏቸው፦

«ሙሄ፣ እኔ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ሰው ስቀብር ነው የኖርኩት። የማንንም ለቅሶ ቀርቼ አላውቅም። አሁን ደግሞ ማንም ወደማያውቀኝ ወስደህ ልታስቀምጠኝ ነው። እዚያ ስሞት ማን ሊቀብረኝ ነው? ከብቶቹ?»

«አላህ አለ» አሉ ጋሼ ሙሄ።

«አላህማ አለ። አካፋ የሚይዘውን ሰው ነው የምጠይቅህ።»

ጋሼ ሙሄ ሲቸገሩ እንደሚያደርጉት ኮፍያቸውን አውልቀው ውስጡን አዩ፤ ከዚያም መልሰው አደረጉት። «እሺ፣ እንግዲያው አይቼ እነግርሻለሁ» አሉ። ሴትዮዋ ካልተስማሙ እንደማይሄዱ፣ ካልሄዱ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ሜዳ ላይ እንደሚቀሩ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ማክሰኞ ኦፋችን ነው። በመጀመሪያው ማክሰኞ ኮሮላዬን አስነስቼ ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ በአንድ እጃቸው የውሃ ኮዳ፣ በሌላው የማንዳሪን ከረጢት ይዘዋል። እኔ እሑድ ይሻላል፣ የገበያ ቀናቸው ነው፣ ሰው ይወጣል ብዬ ነበር። አልተቀበሉኝም። «አገርን በበዓሉ አትየው፤ ማክሰኞ ቀን እየው። በበዓልማ ማን አያምር?» አሉኝ።

መንገድ ላይ መዝሙር ስዘምር ጥቂት ከታገሡ በኋላ፣ «ዳዊት፣ ጌታህ ጆሮው ደህና ነው፤ ቀስ ብለህ ዘምርለት» ይሉኛል። የገጠር ሹፌር መንገድ ላይ ሲገናኝ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብድግ አድርጎ ሰላም ይላል። ጋሼ ሙሄ ይህ በጣም ደስ አላቸው፤ ግን አንድ ጣት ስድብ ስለመሰላቸው ከወገባቸው ጎንበስ እያሉ ሁለት እጃቸውን ያነሡ ነበር። «እንዴት ዋላችሁ! እንዴት ናችሁ! በሬዎቹ ደህና ናቸው?» በመስኮት ይጮሃሉ። ሰዎቹ አልፈዋል። እሳቸው ግን ሰላምታው እስኪያልቅ አያቆሙም።

ወዲህኛዋ ስንደርስ ቤት የምናይ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የገቡት ሆስፒታል ነው። እንግዳ መቀበያው ጋ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ነርሷ ምን እንደሚያማቸው ብትጠይቃቸው «አሁን ምንም፤ ወደፊት ነው» አሏት። ከዚያ ዳቦ ቤት፣ ከዚያ የእርሻ ዕቃ መሸጫ፣ ከዚያ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ማየት። በየደረሱበት ቆንጠር አድርገው አፈር ያነሣሉ፣ ያሸታሉ፣ ከዚያም ካነሡበት ቦታ ላይ መልሰው ያስቀምጡታል። «የሰው አፈር ነው» ይላሉ፤ አንድ ቁንጥርም ይዘው አይሄዱም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወዲያኛዋ ስንቀጥል ድንበሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አጋጠመን። ፍራፍሬ ይዞ ወደ ሳውዝ አውስትራሊያ መግባት ክልክል ነው፤ የፍራፍሬ ዝንብ እንዳይዛመት ሁሉም እዚያው ማጠራቀሚያው ውስጥ ይጣላል። ጋሼ ሙሄ ከረጢታቸውን አዩ፣ ማጠራቀሚያውን አዩ።

«ሪዝቅ አይጣልም፤ አላህ የሰጠው ሲሳይ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ቅጣት አለው።»

«እንግዲያው እንበላዋለን።»

አራት ኪሎ ማንዳሪን! ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ልጠን ልጠን በላን። አስራ ምናምነኛው ላይ እኔ እጅ ሰጠሁ። እሳቸው ካራቫን የሚባለውን ተጎታች ቤት እየጎተቱ የመጡ ባልና ሚስት ሽማግሌዎችን በምልክት አስቁመው ጋበዟቸው፤ ፈረንጆቹም ሳቁና ወርደው አብረውን ተቀመጡ። ልጣጩን ማጠራቀሚያው ውስጥ ጥለን ተሻገርን። ያን ቀን ሆዴን ያመመኝ ሕመም ለጠላቴም አይስጠው። እሳቸውን ምንም አልነካቸውም።

በዚህ ዓይነት አራት ማክሰኞ ተመላለስን። ያወዳድሩ የነበረው እንዲህ ነው፦ ወዲህኛዋ ሐኪም በየቀኑ አላት፣ ወዲያኛዋ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ይመጣላታል። ወዲያኛዋ ቄራ አላት፤ ቄራው ውስጥ ከአፍጋኒስታን የመጡ ሙስሊሞች ስለሚያርዱ ሐላል ሥጋና የጁምዓ ሶላት አለ፤ ወዲህኛዋ ሥጋ ለመግዛት ሁለት ሰዓት መንዳት ነው። ወዲያ ማዶ ባዶ ጠርሙስ ለመለሰ አሥር ሳንቲም ይከፈላል፤ ወዲህ ማዶ ያኔ ዝም ብሎ ይጣል ነበር። «ወዲያ ማዶ ጠርሙስም ተመላሽ አለው» አሉ በአድናቆት። ወዲህኛዋ ጋ መንጃ ፈቃድም ታርጋም መቀየር የለም። ወዲያኛዋ ቤቶቿ የድንጋይ ናቸው፣ በበጋ ይቀዘቅዛሉ። በጣት ሰላምታ እኩል ናቸው።

በረመዳን አንዱን ቀን ስንመለስ ልክ ድንበሩ ላይ ፀሐይ ልትጠልቅ ደረሰች። ስልኬ አንዴ የወዲህን፣ አንዴ የወዲያን ሰዓት እያሳየ ይወላውላል። ጾሙን ለማሳጠር የረዳኋቸው መስሎኝ፣ «ጋሼ፣ በዚህኛው ሰዓት ከሆነ እኮ ደርሷል» አልኳቸው። ከመኪናው ወርደው፣ አጥሩን ተደግፈው፣ የፀሐይዋ የመጨረሻ ክር እስክትጠልቅ አዩዋት። «ልጄ፣ እሷ ሰዓት አላሰረችም» አሉኝና ተምራቸውን አወጡ።

እኔ ለወዲህኛዋ ነበርኩ። ለሜልበርን ትቀርባለች፣ ሐኪም አላት። ይወስኑ ብዬ ብጨቀጭቃቸው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ችግሩ ሌላ ነበር። ሐኪሙን፣ ቄራውን፣ ጠርሙሱን ሁሉ ለእትዬ ዘሀራ አንድ በአንድ ሲተርኩላቸው ሴትዮዋ ሽንኩርታቸውን እየከተፉ ይሰማሉ፤ በመጨረሻም «ሁሉን ነገርከኝ፤ ቀባሪውን አልነገርከኝም» ይላሉ። ከኖቲሱ የቀረው አምስት ሳምንት ነበር።

አንድ ቀን ሼድ ውስጥ ጎመኑን እንደያዙ ቆም አሉና፣ «ተሳስቻለሁ» አሉኝ። «እኔ ያየሁት የሚኖሩበትን ነው። እሷ የጠየቀችኝ የሚሞቱበትን ነው። አገር የሚታወቀው በለቅሶው ነው። ለቅሶ መሄድ አለብን።»

«የማን ለቅሶ?»

«የተገኘውን።»

ከዚያ በኋላ ሥራዬ የሁለቱን ከተሞች ጋዜጣ በስልክ እየከፈትኩ የሞተ መፈለግ ሆነ። ጠዋት ከሰላምታ ቀጥሎ የምሰማው ጥያቄ «ሰው አለ?» ነው። «ጋሼ፣ በዚህ ሳምንት ማንም አልሞተም» ስላቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ!» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ይጨልምና «ታዲያ መቼ ልንሄድ ነው?» ይላሉ። ሰው እንዲሞት መመኘት ነውር፣ እንዳይሞት መመኘት ደግሞ ሜዳ ላይ መቅረት። እንዲህ ያለ አጣብቂኝ ውስጥ የገባ ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

በመጀመሪያ ወዲህኛዋ ላይ ተገኘ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጋሼ ሙሄ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ወሎ እንደሚደረገው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁ። «እኛ ጋ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ ነው የሚቀብረው፤ ጸሎቱ ለየራስ ነው፣ አፈሩ የጋራ ነው» አሉኝ። መቃብር ቦታው ድረስ ከኋላ ተከተልን። ሳጥኑ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ፣ ዙሪያው አረንጓዴ ምንጣፍ ለብሷል፤ ቄሱ አነበቡ፤ ሰው ሁሉ አበባ አስቀመጠ። ከዚያም በየመኪናው ገብቶ ሻይ ወደሚጠጣበት አዳራሽ ሄደ።

ጋሼ ሙሄ ግራ ገባቸው። «ሳይቀብሩት? ጥለውት ሄዱ?»

«ጋሼ፣ የዚህ አገር ወግ ነው። በኋላ በማሽን ይሞሉታል።»

አልተነቃነቁም። አንድ ሠራተኛ ትንሽ ኤክስካቫተር እየነዳ ሲመጣ ወደ እሱ ሄደው አካፋ ጠየቁት። ሰውየው ባለጌ አልነበረም፤ አንጸባራቂ የሥራ ቬስት ያልለበሰ ሰው እንዲሠራ ደንቡ እንደማይፈቅድለት በትህትና ነገራቸው። ማሽኑ አፈሩን ሞልቶ እስኪጨርስ ድረስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። በመመለሻው መንገድ ላይ ወዲያኛዋም እንደዚሁ ነው፣ መላው አውስትራሊያ እንደዚሁ ነው፣ በከንቱ አይድከሙ አልኳቸው። እውነትም ነበር።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ግን ላየው።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወዲያኛዋ ላይ አንድ የስንዴ ገበሬ ሞቱ። በዚህኛው ጉዞ እትዬ ዘሀራም መጡ፤ መጡ ከማለት ይልቅ ተጎትተው መጡ ብል ይሻላል። ጠዋት፣ ጋሼ ሙሄ የወደዱትን የድንጋይ ቤት ልናሳያቸው ደጃፉ ላይ ብንቆም ከመኪናው አልወርድም አሉ። «የምታየውን እይ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።» መስኮቱን ዘጉት። ጋሼ ሙሄ ከመስኮቱ ውጭ ቆመው እልፍኙን በእጃቸው እያሳዩ ቢያስረዱም እትዬ ዘሀራ አንገታቸውን አላዞሩም። ጋሼ እንደዚያን ቀን አሳዝነውኝ አያውቁም።

ወደ መቃብሩ ሄድን። እንደፈራሁት ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፦ አረንጓዴ ምንጣፍ፣ አበባ፣ ንባብ። ሰው መበተን ጀመረ። ጋሼ ሙሄ ቆሙ። እትዬ ዘሀራ መኪና ውስጥ ናቸው። በሆዴ «አለቀልን» አልኩ።

ከሚሄዱት መካከል አንድ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ግዙፍ ሰው ዞር ብሎ አየንና ተመለሰ። የሟቹ ልጅ ነው። «አባቴን ያውቁት ነበር?» ሲል ጋሼ ሙሄን ጠየቃቸው።

ጋሼ ሙሄ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው፣ አንድ በአንድ እየፈለጉ መለሱለት። «አላውቃቸውም። እዚህ ልኖር ይሆናል። እኛ አገር ሰው ሳንሸፍነው አንሄድም።»

ሰውየው ጉድጓዱን አየ፣ ከዚያ ማሽኑን። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ወደ ፒካፑ ሄደና አካፋ ይዞ መጣ። ገበሬ አካፋ ከመኪናው አይለየውም። የመጀመሪያውን አፈር እሱ ጨመረ። ሁለተኛውን ለጋሼ ሙሄ ሰጣቸው። ይህንን ያየ ወንድሙ ከራሱ መኪና ሌላ አመጣ፣ ጎረቤቱም እንዲሁ፤ ወደ ሻይ የሄዱት ሳይቀሩ ተመለሱ። በከረባታቸው፣ በተወለወለ ጫማቸው ተራ እየተቀባበሉ ሞሉት። ባለማሽኑ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፍያውን አወለቀ። እኔም ሠራሁ፤ የማላውቀውን ሰው እየቀበርኩ እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩበትም።

ቀና ስል እትዬ ዘሀራ ከመኪናው ወርደዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ አንድ እፍኝ አፈር ጉድጓዱ ውስጥ ጨምረው ቀጥ ብለው ወደ ሟቹ ሚስት ሄዱና፣ እንደ ወሎ ወግ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱላት። አሮጊቷ መጀመሪያ ደነገጠች። ጠዋቱን ሙሉ ተኮሳትራ፣ እንባዋን ውጣ የቆየች ሴት ነበረች። ከዚያ የእትዬ ዘሀራ ትከሻ ላይ ተደፍታ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ልጆቿ ዙሪያዋን ቆመው ጠበቋት። በኋላ አዳራሹ ውስጥ እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው፤ ሳንድዊች ሲመጣም የአሳማ ሥጋ ያለበትን ራሷ ለይታ አነሣችላቸው።

ወደ ሜልበርን ለመመለስ ተነሣን። እኔ ፍርድ ማጉደል አልወድምና፣ «ጋሼ፣ እውነት እንነጋገር። ወዲህኛዋ ላይ ሠራተኛውን ጠየቁ እንጂ ቤተሰቡን አልጠየቁም። ቢጠይቁ እነሱም አካፋ ይሰጡ ነበር» አልኳቸው።

«ይሰጡ ነበር» አሉ ያለምንም ክርክር። «ደግ ሰዎች ናቸው። ግን እዚህ እኔ አልጠየቅሁም፤ ተመልሶ የጠየቀኝ እሱ ነው።»

ወደ ኋላ በመስተዋቱ አየኋቸው፤ እትዬ ዘሀራ እጃቸው ላይ የቀረውን ቀይ አፈር እያዩ ነበር። ከተማውን ልንወጣ የመጨረሻዎቹ ቤቶች ላይ ስንደርስ ወንበሬን ከኋላ ነካ አደረጉ።

«ዳዊቴ፣ አዙረው» አሉ። «ያንን ቤት ውስጡን አላየሁትም።»

መኪናውን አዞርኩ።